በአባቴ ስም የተፈረመው

አባቴ ጡረታ የወጣ ግንበኛ ነው። ሰው ቤት ሲገባ ከባለቤቱ በፊት ግድግዳውን ነው የሚያየው። የጎርፉ መታሰቢያና ሙዚየም መከፈቱን ስነግረው፣ “ድንጋዩን እንዴት እንደገጠሙት ልየው” ብሎ ተነሣ። ወንዙ ከተማውን ያጥለቀለቀ ጊዜ እሱ ድልድይ ሥራ ላይ ቀን ሠራተኛ ነበር። ያን ዕለት ግን ጥርሱ አላስቀምጥ ብሎት ሊያስነቅል በመሄዱ ተረፈ። በሳምንቱ ከተማውን ለቆ ወጣ፤ አርባ ዓመት አልረገጠውም።

ግቢው ውስጥ የሟቾች ስም በየድንጋዩ የተቀረጸበት ረጅም ግንብ አለ። አባቴ መጋጠሚያውን በጣቱ እየዳበሰ፣ “እጁ ይባረክ፣ አልሸወደም” እያለ ሲሄድ ድንገት ቆመ።

“ልጄ፣ ይቺን እስቲ አንብቢልኝ።”

አነበብኩት። የራሱ ስም ነው፤ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ።

“ሞቻለሁ በይኛ!” ብሎ ሳቀ። “ታዲያ ጡረታዬን ማነው የሚበላው?”

እኔ ሳቁ አልመጣልኝም። እጁን ይዤ ወደ መዝገብ ክፍል ወሰድኩት። ኃላፊዋ ወጣት ሴት ናት። መታወቂያውን አየች፣ እሱን አየች፣ ደግማ መታወቂያውን አየች።

“ይቅርታ አባባ፣ ተሳስተናል። አስከሬናቸው ያልተገኘ የድልድዩን ሠራተኞች ስም የወሰድነው ከዚያን ቀን ጠዋት የሥራ መግቢያ ፊርማ ነው። ወረቀቱ ቀድሞ ቢሮ ደርሶ ስለነበር ከውሃው ተርፏል።”

“እኔ እኮ ያን ቀን ሥራ አልገባሁም።”

ወረቀቱን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከአባቴ ስም ፊት ለፊት ጅራቱ የተጠማዘዘ ፊርማ አለ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየው።

“ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምፈርመው በአውራ ጣቴ ነበር” አለ ቀስ ብሎ። “ይሄ የቀጮ እጅ ነው። ለእናቴ ደብዳቤ የሚጽፍልኝ እሱ ነበር።”

ቀጮን በወሬ አውቀዋለሁ። አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው የኖሩ ጓደኛው ነው። ከድልድዩ ሥራ ከተቀነሰ ጀምሮ፣ “ወደብ ሄጄ መርከብ ላይ እቀጠራለሁ” ይል ነበር። ከጎርፉ በኋላ ሲጠፋ፣ ሰው ሁሉ ወደብ ሄዷል አለ። አባቴም፣ ሳይሰናበተኝ ሄደ ብሎ ይህን ሁሉ ዘመን ቂም ይዞበታል።

“ሁለት ቀን ቀርቼ ስለነበር፣ ሦስተኛ ብቀር ያባርሩኝ ነበር” አለ። “አለቃው አዲስ ነው፤ መልካችንን አያውቅም። ግባልኝ አላልኩትም እኮ። በራሱ ነው የሄደው።”

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ስሙን ለመቀየር ቤተሰብ ማረጋገጥ አለበት ተባልን። የቀጮ እህት አሮጌው ገበያ ጀርባ ልብስ ትሰፋ እንደነበር አባቴ ትዝ አለው። አጠያይቀን አገኘናት፤ ዛሬም ትሰፋለች። አባቴን ወዲያው ለየችው። ከወንበሩ ላይ ጨርቅ አንሥታ “ቁጭ በል” አለችው። እሱ ግን እንደቆመ ነገራት። ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም።

የስፌት መኪናዋን አቆመች።

“ደብዳቤ የጠፋው ለዚህ ነዋ” አለች። “እኔ ድሎት አስረስቶት ነው እያልኩ ስረግመው ኖርኩ።”

“እኔም” አለ አባቴ።

“ለአንተ ብሎ ነው የገባው?”

“ለእኔ ብሎ ነው።”

እንባዋን በጨርቁ ጫፍ ጠረገች። “እሱ እንዲያ ነው። ሳይጠሩት ነው የሚደርሰው” አለችና ወንበሩን አስጠጋችለት። ያኔ ተቀመጠ።

በወሩ ያ ድንጋይ ወጥቶ የቀጮ ስም የተቀረጸበት ገባ። አባቴ ጠራቢውን ለምኖ ሲሚንቶውን ራሱ አስገባ። እህትየው የወንድሟን ሙሉ ስም ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው። ከዚያ በታክሲ ወደ ቤቷ ሸኘናት። መንገዱን ሙሉ የቀጮን የልጅነት ጉድ ስታወራልን፣ አባቴ አንዱን ታሪክ ሁለቴ አስነገራት።