የኑርጃን ስኳር

አሰጋሽና ኑርጃን በመካነ ሰላም፣ ወደ ከላላ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ጎን ለጎን ሻይ ቤት ነበራቸው። ረሀቡ ጋብ ብሎ አብዮቱ ከመጣ፣ ስኳርም በቀበሌ በራሽን መታደል ከጀመረ ወዲህ ሁለቱም በየወሩ እኩል ይወስዳሉ። የአሰጋሽ ግን ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል፤ ደንበኛው ማንኪያውን እየደጋገመ ይዝቀዋል። የኑርጃን እስከ ወር ጫፍ ይደርሳል። በዚያ ላይ ስኳሯን እንደ ጡብ አራት ማዕዘን አስይዛ፣ ለአንድ ብርጭቆ ሁለት ሁለት እያደረገች ነው የምታቀርበው። መምህሩም የመኪና ረዳቱም ይህን ብሎ የአሰጋሽን ደጅ አልፎ ይሄዳል።

አሰጋሽ በአጥሩ ቀዳዳ ታያለች። ከወዲያ ሳቅ በተሰማ ቁጥር በእሷ የሚስቁ ይመስላታል። አንድ ቀን የባሏን የአምባቸውን ኮት ስታራግፍ ከኪሱ አንዲት ነጭ ስኳር ዱብ አለች።

አምባቸው አናጢ ነው። አልደበቃትም። ስኳሩ የሚጠቀጠቅበትን የእንጨት ፎርማ ለኑርጃን የሠራላት እሱ እንደሆነ፣ ሻይ ጋብዛው የተረፈችውን ኪሱ እንደከተታት ነገራት።

«ለኔስ?» አለችው።

«አንቺ መቼ ጠየቅሽኝ?»

ያቺ ቃል እንደ እሾህ ተሰካችባት። በማግስቱ ቀበሌ ሄዳ ለሊቀመንበሩ ለውበቱ፣ ኑርጃን ከነጋዴ ጋር ተሻርካ ስኳር ትደብቃለች፤ ባይሆንማ ወር ሙሉ ከየት ታመጣዋለች አለችው። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ መባል ቀላል አልነበረም። የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች መጥተው የኑርጃንን ቤት በረበሩ። ያገኙት በሰፌድ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ስኳርና ያችኑ ፎርማ ነው። ሲመዘንም ከራሽኗ አልበለጠ። ውበቱ ግን አላመነም፤ ከነሰፌዷ ቀበሌው ግቢ ወስዶ፣ ሕዝብ ባለበት አድርገሽ አሳዪን አላት።

ኑርጃን አሳየች። ስኳሩ ላይ ውሃ በጣቷ ጠብ ጠብ አደረገች፣ አሸች፣ ፎርማው ውስጥ ጠቀጠቀች፣ ገልብጣ መታ መታ ስታደርገው ስኳሩ ተሰልፎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ማድረቅ ብቻ ነው አለች፤ እንግዳ ስኳሩ ተቆጥሮ ከቀረበለት ጨምሪልኝ ማለት ያፍራል፣ ወር ሙሉ የሚያደርሳትም ይኸው ነው። ሰዉ ሳቀ። ውበቱም ለቀቃት።

አሰጋሽ ከሰዉ ኋላ ቆማ የኑርጃንን እጅ ብቻ ስታይ ነበር። በዚያው ሳምንት አምባቸውን ፎርማ አሠራችው። የሷ ስኳር ግን ገና ሲያነሱት ይፈረካከሳል። ደንበኛው ፍርፋሪውን ከሳህን ላይ በጣቱ እየለቀመ፣ የኑርጃን ይሻላል ብሎ ይወጣል።

አንድ ጧት ኑርጃን ራሷ ገብታ ተቀመጠች። አሰጋሽ ደንግጣ ሻይ ቀዳችላት። ስኳሩ ኑርጃን ጣት ላይ ዱቄት ሆነ።

«ውሃ አሳንሰሻል አሰጌ» አለቻት። «እርጥብ አሸዋ እስኪመስል እሺው።» ሻይዋን ፉት ብላ ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ቀበሌ ማን እንደሄደ ውበቱ ነግሮኛል» አለች። «መጥተሽ ብትጠይቂኝ ወላሂ አሳይሽ ነበር።»

አሰጋሽ ይቅርታ ልትል ፈልጋ ብርጭቆውን ደግማ ሞላችላት። የኑርጃን ስኳር አልበቃ ብሎ የሆዷም ስፋት አንገበገባት።

እንደተባለችው አድርጋ አሸችው። ስኳሩ ደርቆ ሲወጣ እንደ ጠጠር ጠነከረ። የመጀመሪያውን ለአምባቸው ሰጠችው። በጥርሱ ይዞ ሻዩን በላዩ ሳበበትና ፊቱ ፈካ።

«አሁን ገና የኑርጃንን መሰለ» አላት።