የአይናዲስ ሽማግሌዎች

ሸሪፋ በሯ ላይ በርጩማ አውጥታ ምስር ትለቅማለች። ስፌዱን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ጠጠሩን በጣቷ ጫፍ ወደ ጠርዝ ትገፋለች። አንዲት ጠጠር ባገኘች ቁጥር ደስ ይላታል፤ ወጥ ውስጥ የተረሳች ጠጠር የሰውን መንጋጋ እንዴት እንደምትሰነጥቅ በየቀኑ የምታይ የጥርስ ሐኪም ናትና። አመልካች ጣቷ በፋሻ ስለተጠቀለለ ግን ሥራው አልፈጠነላትም።

ጣቷን የነከሰቻት አይናዲስ ናት፤ የጎረቤቷ የብዙዬ ልጅ፣ ገና የሰባት ዓመት።

ነገሩ ሰንብቷል። ሸሪፋ ከደጀን መጥታ ደብረ ማርቆስ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ግቢ ውስጥ ቤት ከተከራየች ወዲህ የግቢው እናቶች ጅብን ረስተዋል። ድሮ "ጅቡ መጣ!" ይባል የነበረው "ሸሪፋ መጣች፣ ጥርስሽን ትነቅለዋለች!" ሆነ። ላልበላም ሸሪፋ፣ ላልተኛም ሸሪፋ፣ በጭቃ ለተጫወተም ሸሪፋ። እሷም መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ አሳቃት። አንድ ቀን ብዙዬ "እባክሽ ለዚች ልጅ ብቅ በይልኝ" ብትላት ጉጠቷን ይዛ በመስኮት ብቅ አለችና ቀጭ፣ ቀጭ አደረገችው። አይናዲስ ሳህኗን ሙልጭ አድርጋ በላች። ብዙዬም መረቀቻት።

የአይናዲስ የወተት መንጋጋ በስብሶ ጉንጯ የቡሄ ሙልሙል ሲያክል ግን ሁሉም ዞረ። ሸሪፋ የሰጠቻት ሽሮፕ እብጠቱን ቢያጎድለውም ጥርሱ መውጣት ነበረበት። ቅዳሜ ወደ ክሊኒኩ ወሰዷት። ልጅቷ የበሩን መቃን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። ሸሪፋ "አያምምም፣ የኔ ቆንጆ" ብላ ጣቷን ወደ አፏ ስትልክ፣ በዚያው በሚያማት ጥርስ ነከሰቻት።

ብዙዬ እዚያው ፈረደች።

"በቃ! ሰኞ በጠዋት አምበር እወስዳታለሁ። እዚያ አንድ ሰውዬ አለ አሉ፤ አራት ሆነው ይይዙለታል፣ እሱ በፒንሳ መንጭቆ ይጥለዋል።"

"ያለ ማደንዘዣ?"

"ታዲያ ምን ላድርግ ሸሪፋዬ? እሱን እንዳንቺ አትፈራውም። አታውቀውማ!"

ይህ ንግግር ከንክሻው በላይ አመማት። ዛሬ እሑድ ነው። ልጅቷን እስከ ማታ እሺ ካላሰኘቻት፣ ነገ አራት ጎረምሳ እጅና እግሯን ይዞ ያስጮሃታል።

ይህን እያሰበች ሳለ ስፌዱ ላይ ጥላ አረፈ። ቀና ስትል ሦስት ልጆች በየአባቶቻቸው ጋቢ ተጀቡነው ቆመዋል። የጋቢው ጫፍ ግቢውን ይጠርጋል። ከፊት ያለው የአይናዲስ ታላቅ ወንድም አንሙት ነው፤ የመጥረጊያ እንጨት ተመርኩዟል።

"ቤቶች!" አለ፣ ሸሪፋ አፍንጫው ሥር ተቀምጣ።

"ደጆች! ግቡ፣ አረፍ በሉ።"

"የለም። የመጣንበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አንቀመጥም።"

ሸሪፋ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ሽማግሌ ደጅ ሲመጣ አይሳቅበትም።

"ማን ላካችሁ፣ አባቶቼ?"

"አይናዲስ ናት የላከችን።" አንሙት እስከ ትናንት "አንቺ" ሲላት የነበረ ልጅ፣ አሁን አንገቱን ሰበር አድርጎ በ"እርስዎ" ቀጠለ። "እሷና እርስዎ ተጣልታችኋል። እሷ ጣትዎን ነክሳለች። እርስዎ ደግሞ በመስኮት ጉጠት አሳይተዋታል። ማን ቀደመ?"

"እኔ ቀደምኩ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዲህ ቶሎ ይታመናል ብለው አልጠበቁም፤ የተዘጋጁበት ክርክር ሁሉ ከንቱ ቀረ።

"እንግዲያው ካሣ ትክፈል! ብስኩት!" አለ ትንሹ ሽማግሌ።

"ዝም በል፣ ጥርሷን የበላው ብስኩት አይደል!" አለው አንሙት። ከዚያ ወደ ሸሪፋ ዞረ። "መጀመሪያ፣ 'አያምምም' እንዳይሏት።"

"ታዲያ ምን ልበላት?"

"የሚያመውን ያህል።"

ሸሪፋ ምስሩን ወደ ጎን አደረገች። "መርፌው አንዴ ቆንጠጥ ያደርጋል። ከዚያ ድዷ ይደነዝዛል። ጥርሱ ሲወጣ ሲገፋት ይታወቃታል እንጂ አያማትም።"

"ቁንጥጫው የማንን ያህላል?"

"እንዴት፣ የማንን?"

"የእማዬን ነው ወይስ የአስተማሪያችንን?"

ሸሪፋ ከልቧ አሰበች። የብዙዬን ቁንጥጫ በዓይኗ አይታለች፤ ቀላል አይደለም።

"የብዙዬን ግማሽ።"

"እንመካከር" አሉና ወደ ውሃው ሮቶ ሄዱ። ከሮቶው ጀርባ ግማሽ ፊት ብቅ ብሏል፤ ያበጠው ግማሽ። ሹክሹክታው ረዘም አለ። አንሙት ተመለሰ።

"ግማሽ ከሆነ ትችለዋለች። ሁለተኛ፣ እጇን ስታነሣ ያቆማሉ።"

"አቆማለሁ።"

"ወዲያው?"

"ወዲያው።"

"ዋስ ይጥሩ።"

የግቢው ባለቤት ጋሽ ወልደ ሩፋኤል ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ሬዲዮናቸው ጆሯቸው ላይ ነው።

"ጋሼ፣ ዋስ ይሁኑኝ!" አለቻቸው ሸሪፋ።

"ለዶክተራችን? ምን ገዶኝ! ዋስ ነኝ!" አሉ፣ ሬዲዮኑን እንኳ ሳያወርዱ።

አንሙት እንጨቱን መሬት ላይ መታ። "ዶክተሯ ቃሏን ካፈረሰች የዋሱ ጥርስ ይነቀላል!"

ሬዲዮኑ ወረደ። ጋሽ ወልደ ሩፋኤል ከካቻምና ጀምሮ በግራ በኩል ብቻ ነው የሚያኝኩት፤ ተከራያቸው እንዳታውቅባቸውም በፊታቸው ባለፈች ቁጥር አፋቸውን በጋቢ ይሸፍናሉ።

"ይሄ ደግሞ የየት አገር ሕግ ነው?"

"ዋስ ነኝ ብለዋል፣ ጋሼ።"

ብለዋል። ግቢው ሁሉ ሰምቷል። ዋስነት ከአፍ ከወጣ ወዲያ የሚመለስበት መንገድ የለም። ሽማግሌዎቹም ያኔ ተቀመጡ።

ክሊኒኩ እሑድ ዝግ ቢሆንም ቁልፉ ሸሪፋ ጋ ነበርና ከሰዓት በኋላ በሰልፍ ሄዱ። ሽማግሌዎቹ ብዙዬ በረንዳው ላይ እንድትቆይ ወሰኑ። ዋሱ ከወንበሩ አጠገብ ቆሙ።

ሸሪፋ መስታወቷን አነሣች። አይናዲስ እጇን አነሣች።

"አቁሚ! እጇ ተነሣ!" ጮኹ ጋሽ ወልደ ሩፋኤል።

ሸሪፋ አቆመች። ጓንት ስታጠልቅ እጅ ተነሣ፤ አቆመች። ጥጥ ስታነሣም ተነሣ፤ አቆመች። ዋሱ ላብ በላብ ሆኑ።

"አሁንስ ምን ሆንሽ፣ ልጄ?"

"ምንም። ይሠራ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው" አለች አይናዲስ፣ ባበጠው ጉንጯ ፈገግ ብላ። ከዚያ ወደሳቸው ዞረች። "ጋሼ፣ እስቲ አፍዎን ይክፈቱ።"

"እኔ ዋስ እንጂ በሽተኛ ነኝ?"

ሦስቱም ሽማግሌዎች አፈጠጡባቸው። ከፈቱ። ሸሪፋ መስታወቷን ለልጅቷ ሰጠቻት።

"ኡ! እሳቸውም አላቸው! የሳቸውማ ጥቁር ነው!" አለች አይናዲስ ደስ ብሏት። እንዲህ ያለ ደስታ አንዴ ከመጣ ደግሞ አፍን ዘግቶ መቀመጥ አይቻልም። የራሷንም በሰፊው ከፈተች።

ሸሪፋ መርፌውን አልደበቀችም። "አሁን ቆንጠጥ ይላል" አለቻት። መርፌው ድዷን ነካ። የአይናዲስ ዓይኖች እንባ ሞሉ፤ እጇ ተነሣ። ይህኛው የጨዋታ አልነበረም።

ሸሪፋ መርፌውን መልሳ አወጣች። ልጅቷ አሁን ብትወርድ ነገ አምበር ናት፤ ቢሆንም ሸሪፋ አልለመነቻትም፣ አላባበለቻትም። እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ጠበቀች።

አይናዲስ አፏ ውስጥ ያለውን ሕመም በምላሷ መዘነችው።

"ግማሽ አይደለም" አለች በመጨረሻ።

"ስንት ነው?"

"ሩብ።" እጇን አወረደች።

የቀረው ብዙ አልፈጀም። ጥርሱ ከነሥሩ ወጥቶ ጥጥ ላይ ሲቀመጥ አይናዲስ የጋሽ ወልደ ሩፋኤልን ላብ እያየች ነበር። ብዙዬ ከበረንዳው ገብታ ጥርሱን አየች፣ ልጇን አየች፣ የአምበርን ነገር ግን አላነሣችም። ጥጥ የነከሰች ልጇን አዝላ፣ ሽማግሌዎቹን አስከትላ ወጣች።

ዋሱ በሩ ጋ ዘገዩ።

"እኔ የምልሽ፣ ሸሪፋ... ነገ ሰው ሳይበዛ በጠዋት ብመጣ..."

"ይምጡ፣ ጋሼ። ዋስዎ ማን ነው?"

"አይናዲስ" አሉ ሳያመነቱ፣ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው እየሳቡ።

ሸሪፋ ብቻዋን ስትቀር ጉጠቱን በሳሙና አሸችው፣ አለቀለቀችው፣ መቀቀያው ውስጥ ከተተችው። ሰዓቱን ጠብቃ አወጣችው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠችውና ዘጋችው።