የሃሊማ ተራ

«መርፌውን ስጪኝ፤» አለች ሳፊያ፣ ሰላምታዋን በቅጡ ሳትጨርስ በሩ ላይ ቆማ።

«ወዓለይኩም ሰላም! መጀመሪያ ግቢና አረፍ በይ እንጂ፣ ምነው?» አለች ሃሊማ አልጋዋ ላይ እንደተጋደመች።

ሁለቱ ቡታጅራ ገበያ ጎን ለጎን ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። ሳፊያ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ሆዷ ቁራሽ እንኳ አልቀበል ብሏት ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። መክሳት አምሯት ነበር፤ ይኸው እንዳማራት! የመዋቢያ ዕቃ ሻጯ ነዒማ «ከዱባይ የመጣ ማቅጠኛ» ያለቻቸውን መርፌ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዙ። ዋጋው ለአንድ ሰው ስለከበደ፣ እናቶቻቸው በዊጆ ቅቤ አዋጥተው በየተራ እንደሚወስዱት፣ እነሱም ገንዘብ አዋጥተው በየተራ ተወጉት። መጠኑን የጠየቀ የለም፤ መድኃኒት ቅቤ መሰላቸው እንዴ! የሳፊያ ቆሽት ቆሰለ። ሐኪሙም «ዳግም ከተነሣብሽ መትረፍሽን እንጃ» ብሏታል።

«ነዒማን ልከስ የያዝኩት ጠበቃ መርፌውንና አብሮኝ የተወጋ ምስክር አምጪ ብሎኛል፤» አለች። «ያለዚያ ነዒማ ‹አልሸጥኩም› ብላ ዓይኗን በጨው ታጥባ ትቀራለች። ካሣው ካልተገኘ ደግሞ መታከሚያ የለኝም።»

«እመሰክራለሁ፣ ወላሂ! መርፌውንም ትወስጃለሽ። ግን የቀረችውን ልጨርሳት፤ ተራዬ ነች። ባሌ ከደቡብ አፍሪካ ሊመጣ ነው። በቪዲዮ አይቶኝ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ።»

ሳፊያ አልጋው ሥር ያለውን ሳፋ አየች። በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ሽታው ግን የት ይደበቃል? እሷንም እንዲሁ ነበር የጀመራት።

«ያስመልስሻል?»

«ትንሽ።»

«ወይኔ ጉዴ! እኔን እያየሽ፣ ሃሊማ?»

«ያንቺ ዕድል ነው፤ እኔን ይስማማኛል። ከከለከልሽኝ ግን ችሎት ቀርቤ ‹አላየሁም› ነው የምለው።» መርፌውን ከትራሷ ሥር አውጥታ አቀበለቻት። «እጄ ይንቀጠቀጣል፤ አንቺው ውጊኝ።»

ሳፊያ ተቀበለች። አንዴ ብትወጋት መርፌም ምስክርም ይዛ ትወጣለች፤ ምናልባትም ትድናለች። መኖር ትፈልጋለች፣ በጣም ትፈልጋለች። ሃሊማ ሆዷን ገልጣ ዓይኗን ጨፈነች። ሳፊያ መርፌውን ወደ መሬት ደፍታ ተጫነችው።

«ምን አደረግሽ!» ሃሊማ የጠብታውን ድምፅ ሰምታ ዘላ ተነሳች። «ከዛሬ ወዲያ አላውቅሽም! ለነዒማ ነው የምመሰክረው!» ነጠላዋንም ከግድግዳው ላይ ሳበች። «ሌላ እገዛለሁ፤ ሱቋ እንደሆነ ክፍት ነው።»

«አውቃለሁ፤» አለች ሳፊያ። አውራ ጣቷን ግን እስኪያልቅ አላነሳችም።