የዝባድ ወንዝ መልቀቂያ

ሰኞ ጠዋት ዝባድ ወንዝ ወደ ወረዳው የአካባቢ ጥበቃና የተፈጥሮ ሀብት ጽሕፈት ቤት መጥቶ መልቀቂያ ጠየቀ። ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር የተቻለውን ያህል ተቀመጠ፤ የቀረው አካሉ በደረጃው ወርዶ እስከ መናኸሪያው ድረስ ተጋድሟል። የጽዳት ሠራተኛዋ ልትወለውለው ሞክራ ተወችው። ባለጉዳይ ነው።

ጉዳዩ የተመራው ለትርንጎ አድማሱ ነው፤ የውኃ አካላት ባለሙያዋ እሷ ናት። ትርንጎ ባለጉዳይን ሁሉ «እርስዎ» ነበር የምትለው። ዝባድን ግን «አንተ» አለችው፤ በዚህም የወቀሳት ሰው የለም። እሷ ገና በእናቷ ጀርባ ሳለች፣ አባቷ ክረምት ላይ ከገበያ ሲመለስ ሊሻገረው ገብቶ አልወጣም። ሬሳውም አልተገኘም። እናቷ ዝማም «ሳልቀብር አላለቅስም» ብላ፣ ተዝካር ሳታወጣ፣ ጥቁሯን ሳታወልቅ፣ በየማለዳው ወንዙ ዳር እየወረደች ስትጠብቅ ፀጉሯ ሸብቷል።

«ለምንድነው የምትለቀው?» አለች ትርንጎ።

«ከላይ ቆዳ ያጥቡብኛል። ከታች አሸዋዬን በገልባጭ መኪና ይጭናሉ። መሐሌን ለሽንኩርት ይስቡታል። ጎረቤት ወረዳ ባዶ ሸለቆ አለ አሉ፤ እዚያ ልሂድ።»

«ናሙናህን ወስደን ነበር እኮ።»

«ወስደሻል። በጠርሙስ በቀዳሽኝ ቁጥር አንድ ነገር ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ይኸው ከኋላሽ መደርደሪያው ላይ ነኝ።»

ትርንጎ ዞር ብላ አየች። እውነቱን ነው። ጠርሙሶቹን ወደ ላቦራቶሪ የሚያደርሰው መኪና ለችግኝ ተከላ እንግዶች ተመድቦ ነበር።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ቢሻው ነገሩን ሲሰሙ አልተደነቁም። «መብቱ ነው» አሉ። «ማንም ሰው በእጁ ያለውን ንብረት አስረክቦ ይለቃል። ወንዝ ነው ብለን የተለየ አሠራር አናወጣም፤ ነገ ደግሞ ተራራው ይመጣብናል።»

«ጌታዬ፣ እሱ ከሄደ የሸንበቆ ሜዳ ሰው ምን ይጠጣል?»

«እሱ የውኃ ጽሕፈት ቤትን ነው የሚመለከተው።»

ስለዚህ ዝባድ ማስረከብ ጀመረ። የንብረት ክፍሉ ጋሽ ይርዳው እያገላበጡ «ይሄ ያገለግላል፣ ይሄ አያገለግልም» እያሉ ተረከቡት። ጎዶሎ ነጠላ ጫማዎች፣ የፓምፕ ቱቦ፣ የበግ ቃጭል፣ የሙሽራ ጃንጥላ፣ ለድልድይ የተጣለ የመሠረት ድንጋይ። ድልድዩ ራሱ እጁ ላይ አልነበረም።

«አለቀ?» አለች ትርንጎ።

«አንድ ይቀራል» አለ ዝባድ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ካልጠየቅሽኝ አላነሳውም። እሱ እጄ ላይ እስካለ መልቀቂያ አይሰጠኝም፤ እቀራለሁ። ቆዳውንም አሸዋውንም እችለዋለሁ። ከጠየቅሽኝ ግን ሰጥቼሽ እሄዳለሁ።»

ጋሽ ይርዳው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ነገ ና በይውና ይደር። እዚህ ቤት ይደር የተባለ ነገር መቼ ተነስቶ ያውቃል?»

ትርንጎ ስለ ሸንበቆ ሜዳ ሰው አሰበች፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ በርሜል። ደመወዝ የሚከፈላት ይህን እንድታስብ ነው። ቀጥሎ እናቷን አሰበች። እናቷ ዛሬም ማልዳ ወርዳለች፤ ይኼኔ ወንዙ ተነስቶ በሄደበት ድንጋይ ዳር ቆማ ይሆናል።

«አባቴን አስረክብ» አለች።

ዝባድ አስረከበ። አድማሱ ከልጁ በዕድሜ ያንስ ነበር። ዐይኑ ተከድኗል፤ ጋቢው ከትከሻው አልወረደም። ለቤቱ የገዛው ጨው በጨርቅ እንደተቋጠረ እጁ ውስጥ ነው፤ አልሟሟም። ጋሽ ይርዳው ያገለግላልም አያገለግልም ሳይሉ ፈረሙ። ትርንጎም ፈረመች። ዝባድ መልቀቂያውን ተቀብሎ ተነሳ፤ ጭራው መናኸሪያውን ለቅቆ እስኪወጣ ድረስ አውቶቡሶቹ ቆመው ጠበቁ።

ዝማም ከፈን ይዛ መጣች። አቶ ቢሻው ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ተቀበሏት።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እናቴ» አሉ፤ ከልባቸው ነበር። «ግን አንዴ ገቢ የሆነ ንብረት ያለ አስወጋጅ ኮሚቴ አይወጣም። ኮሚቴው ደግሞ ችግኝ ተከላ ላይ ነው።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ውኃ ስለጠፋ ችግኙ እየደረቀባቸው ነው። እንደገና እየተከሉ ነው።»

«ልየው እንግዲያ።»

«በበሩ ቀዳዳ ይቻላል።»

ችግኙ አሁንም እየተተከለ ነው። አድማሱ ንብረት ክፍል ውስጥ፣ እግራቸው በተሰበረ ወንበሮች መካከል ተጋድሟል። ከጋቢው ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል፤ አላቆመም። በበሩ ሥር ሾልኮ ቀጭን ፈሳሽ ሆኖ ይወጣል። ንጹሕ ይመስላል፤ ትርንጎ ናሙና ወስዳ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣለች። የሸንበቆ ሜዳ ሰዎች ቢጫ ጀሪካኖቻቸውን ከበሩ እስከ ደረጃው ደርድረው ወረፋ ይጠብቃሉ። ማንም ማንንም አይጋፋም። ቀድተው ሲጨርሱ «ነፍስ ይማር» ብለው ይሄዳሉ።

ከወረፋው ፊት ዝማም ከፈኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ጀሪካን አልያዘችም። ሰው ጋብ ሲል ጎንበስ ብላ እጇን በበሩ ሥር ታሾልካለች። ውኃው የሰው ገላ ያህል ይሞቃል።