ከዘፈኖቹ ፊት የገባ ድምፅ

አባቱ የጠፉት ሰኞ ጠዋት፣ ናኦድ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ በነበረበት ሰዓት ነው። ቤት የሚጠብቃቸው ሰው ስላልነበረ ወደ ዘፈን መጫኛ ሱቁ ይዟቸው መጥቶ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ በርጩማ ላይ አስቀምጧቸዋል። የሆነ ነገር ጠየቁት። እሱ ግን ለቻይና ስልክ እንዲስማማ ያሳነሰው ቪዲዮ ድምፁ ከዘፋኙ ከንፈር ጋር ይገጥም እንደሆነ እያዳመጠ ነበር። ፊቱን እንኳ ሳያዞር «አንዴ ይጠብቁኝ አባባ» አለ። ዘፈኑ አራት ደቂቃ ነው። ሲያልቅ ዞር ቢል በርጩማው ባዶ ሆኗል።

አቶ ተክለጻድቅ በወጣትነታቸው ከሸዋ ወደ ጅማ የመጡት በወባ ማጥፊያ ሠራተኛነት ተቀጥረው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመድኃኒት መርጫ አዝለው፣ ከሰርቦ እስከ ደዶ የገበሬውን ግድግዳ ሲረጩ ኖረዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የቅርብ የቅርቡ ነገር ከአእምሯቸው ተንኖ የጥንቱ ብቻ ቀረ። የልጆቻቸው ስም ይጠፋባቸዋል፤ የመንደሮቹን ተራ ግን አይስቱም። ወዴት ሊሄዱ ይችላሉ ቢባል፣ እግራቸው የማያውቀው መንገድ በአካባቢው አልነበረም።

ናኦድና እህቱ ወይንሸት መናኸሪያውን፣ ሆስፒታሉን፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ዞሩ። ፖሊስ መዘገበላቸው። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ወይንሸት ሰኞ ዕለት አንድ ጊዜ ብቻ «አንተ ጋ አልነበሩም እንዴ?» ብላ ጠይቃው፣ ከዚያ በኋላ ደግማ አላነሳችውም። አለማንሳቷ ባሰበት።

ረቡዕ ከሰዓት፣ በስተግራው ጨርቅ የምትሸጠው ሀጂራ ከሱቋ ወጥታ መጣች።

«ልጄ፣ ነገ ሐሙስ ነው» አለችው።

«ምን ይሁን ሐሙስ ቢሆን?»

«ያ ሁሉ ገበሬ ሚሞሪውን ላንተ ሰጥቶ አይደል የሚሄደው? በዱንያ ላይ ካንተ ይበልጥ ብዙ ቤት የሚገባ ማን አለ?»

እውነቷን ነው። ሐሙስ ገበያ የሚመጣ ገበሬ ያመጣውን ሸጦ ሲያበቃ፣ የሚሞሪ ካርዱን ከስልኩ አውጥቶ ናኦድ እጅ ላይ ያኖራል፤ ጨውና ሳሙናውን ገዝቶ ሲመለስ ካርዱ ዘፈን ጠግቦ ይጠብቀዋል። በአንድ ገበያ ሰባ ሰማንያ ካርድ ያልፋል። በገበያው ያሉትን ሌሎች አራት ዘፈን ጫኞች ከጨመረ ደግሞ ሦስት መቶ ይሞላል።

ናኦድ ከወይንሸት ሠርግ ቪዲዮ ላይ አባቱ የሚመርቁበትን ቆረጠ። ትንሿ ስልክ እንድትከፍተው አሳነሰው፤ እምቢ ሲል አሁንም አሳነሰው። በመጨረሻ በሀጂራ ስልክ ላይ ተከፈተ። ፊት የሚባል ነገር አልቀረም፤ ሁለት ጥቁር ቀዳዳ ያለው ሊጥ ብቻ ነበር።

«ይሄማ የኔም አባት ነው፤ የሁሉም ሰው አባት ነው» አለች ሀጂራ።

ናኦድ እጁን ከማውሱ ላይ አነሣ። የስንቱን ሰው ሠርግ፣ የስንቱን ሰው ልደት ሲያሳንስ የኖረ ሰው የገዛ አባቱን ፊት ማሳነስ አቃተው። ትቶት ሊነሳ ሲል የቪዲዮው ድምፅ ብቻውን ቀጠለ። «ውለዱ፣ ክበዱ። እህል ውኃችሁ ይባረክ። ቤታችሁን ትንኝ አይድፈረው።» በሠርጉ ዕለት በዚህ በመጨረሻው ሰው ሁሉ ስቆ ነበር። ድምፁ ምንም አልደበዘዘም።

ስለዚህ ምስሉን ትቶ ድምፁን ያዘ። ከምርቃቱ ቀጥሎ ሀጂራ በኦሮምኛ ተናገረችበት። ይህ ድምፅ የሽማግሌ አባታችን ነው፣ ቀጭን ናቸው፣ ግራጫ ካፖርት ለብሰዋል፣ ያያችሁ በአላህ ይሁንባችሁ በዚህ ቁጥር ሚስኮል አድርጉልን፣ እኛ እንደውላለን አለች። ናኦድ የፋይሉን ስም በዜሮዎች አስጀመረው፤ እነዚያ ስልኮች በቁጥር የሚጀምረውን ያስቀድማሉና። ዘፈን ልስማ ብሎ የሚከፍት ሁሉ መጀመሪያ አቶ ተክለጻድቅን ይሰማል።

ሐሙስ ዕለት ለእያንዳንዱ ባለካርድ አስረድቶ ነው የጫነው። አብዛኛው «ኤዬ፣ እሺ ጫን» አለ። አንዱ ጎልማሳ ግን ተከራከረው።

«እኔ የከፈልኩት ለዘፈን ነው፤ ለምርቃት አይደለም።»

«ምርቃቱ በነፃ ነው ጋሼ።»

«በነፃ የሚመርቅ ሽማግሌ ካለማ ሳይጠፋ አይቀርም» ብሎ ሳቀ፤ የናኦድን ፊት ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠና ካርዱን ሰጠው።

ከሰዓት በኋላ ገበሬው ወደየመንደሩ ሲመለስ ሚስኮሉ ጀመረ። ናኦድ ለእያንዳንዱ መልሶ ደወለ። አንዱ ሽማግሌውን ከካርዱ ላይ እንዴት እንደሚያጠፋቸው ሊጠይቅ ነው። አንዷ «‹ሚዜዎቹ› የሚለውን ዘፈን ነው የምፈልገው፣ የታል?» አለችው። አንዱ ደግሞ እሱንም ቢመርቁት ደስ እንደሚለው ተናገረ። እስኪመሽ አርባ አንድ ሰው አነጋገረ። አባቱን ያየ አንድም አልነበረም።

ዓርብ ጠዋት ከሰርቦ ተደወለ። ግራጫ ካፖርት የለበሰ፣ ቀጭን፣ ስሙን የማያውቅ ሽማግሌ ወፍጮ ቤት በር ላይ ተቀምጧል። «ድምፁን አሰሙልኝ» አለ ናኦድ። አሰሙ። ሽማግሌው «አሜን» አለ። ለምርቃት አሜን የማይል ማን አለ? ቢሆንም ወይንሸት ነጠላዋን ሳትደርብ ወጥታ ወደ ሰርቦ ተሳፈረች። ናኦድም ሱቁን ዘግቶ ሊከተላት ቁልፉን ሲያዞር ስልኩ አንዴ ጠርቶ ተቋረጠ። መልሶ ደወለ።

«አብደላ ነኝ፤ ከደዶ ወዲህ። ስልኬን ወሰደብኝ!»

«ማን ወሰደብህ?»

«ጃርሳው ነዋ፣ ሽማግሌው! ይሄ የጎረቤቴ ስልክ ነው። ረቡዕ በዝናቡ በቆሎ ማማዬ ሥር ወድቆ አገኘሁት። ቤት አስገባሁት። ትናንት ማታ፣ ጎረቤቴ ከገበያ ባስጫነልኝ ካርድ ዘፈን ልስማ ብዬ ስከፍት ያ ምርቃት መጣ፤ ከእጄ ነጠቀና ብብቱ ውስጥ ከተተው። ልወስድ ስል ይማታል። ቁጥሩንም ከሌላ ሰው ስልክ ሰምቼ ነው የደወልኩት።»

«ካፖርት ለብሰዋል?»

«ካፖርት የለም። እርጥብ ሸሚዝ ነው። ያተኩሰዋል፤ ከትናንት ጀምሮ ምግብ እምቢ ብሏል።»

«መልካቸውስ?»

«የጃርሳ መልክ ነዋ፣ ወንድሜ! ና ራስህ እየው። ቶሎ ና ግን።»

ናኦድ ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ሰርቦ በአንድ በኩል፣ ደዶ በሌላ በኩል ነው። ካፖርቱ ሰርቦ ነው ያለው። ደዶ ያለው ሽማግሌ ግን እየሞተ ሊሆን ይችላል፤ አባቱ ካልሆኑ ደግሞ የማን አባት ናቸው? ሮጦ የደዶውን ሚኒባስ ያዘ። መንገዱን ሙሉ ፊቱን በመስኮቱ መስታወት ላይ አስደግፎ፣ ምናልባት ሰኞ የጠየቁኝ ውኃ ይሆን እያለ አሰበ።

ከመኪና ወርዶ በጭቃው ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተጓዘ። አብደላ፣ አጭርና ፈጣን ሰው፣ መንገድ ላይ ወጥቶ ጠበቀውና ወደ ጎጆው አስገባው። ከምሰሶው አጠገብ ቁርበት ላይ የተኛው ሰው ጀርባውን ሰጥቷል። ከብብቱ ውስጥ የሠርግ ዘፈን እየተንጫጫ ነው። ናኦድ ዞሮ ፊቱን ከማየቱ በፊት እግሩን አየ፤ ጫማ የለውም፣ አብጧል፣ ከልጅነቱ እንደሚያውቃት የቀኝ ትንሿ ጣት ከሌሎቹ ላይ ወጥታለች። እዚያው አጠገባቸው ተቀመጠ።

«አባባ።»

አቶ ተክለጻድቅ አላዩትም። ግንባራቸው እንደ ምጣድ ይፋጃል።

«እሱ ነው?» አለ አብደላ።

«እሳቸው ናቸው።»

«አልሐምዱሊላህ። በል ተነሳ፤ ቁጭ ብለህ የምታለቅስበት ጊዜ የለም።» ወጥቶ ወደ ጎረቤት ተጣራ። ሁለት ሰዎች እየሮጡ መጡና ቃሬዛ አበጁ። ሽማግሌውን ሲያነሷቸው ስልኩን የያዘው ክንዳቸው ይበልጥ ጠበቀ። ናኦድ ጣታቸውን አንድ በአንድ ሊያላቅቅ ሞከረ፤ አቃሰቱ። ተወው።

«ስልኬስ?» አለ አብደላ ቀስ ብሎ።

ናኦድ የራሱን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ቃሬዛውን ለአራት ተሸክመው በዝግባዎቹ መካከል መውረድ ጀመሩ።

ግማሽ መንገድ ላይ አብደላ ኪስ ያለው የናኦድ ስልክ ጠራ። አብደላ በግራ ትከሻው እንደተሸከመ በቀኝ እጁ አነሣው። የወይንሸት ልቅሶ ናኦድ ድረስ ይሰማል።

«እሳቸው አይደሉም ናኦዴ! ካፖርቱም ጥቁር ነው፤ አይደሉም፣ አባባ አይደሉም...»

«ናኦድ አይደለሁም፤ አብደላ ነኝ» አለ አብደላ እያለከለከ። «አታልቅሺ። አባትሽ እዚህ አለ። ቀጭን ነው ብላችሁ ግን ዋሽታችኋል፤ ይከብዳል። ጅማ ሐኪም ቤት በር ላይ ጠብቂን፣ እሺ? እየመጣን ነው።»