ካርዱን ብርድ እንዳይመታው

«ኮርቻ» በተባለው የበቅሎ አከራዮች ማኅበር ቢሮ ውስጥ አሻግሬ ዛሬ አንደኛ ተራ ነው። አንደኛ መሆን ግን የተራ ወረቀት ካልወጣ ምንም አይደለም፤ ወረቀቱን የሚያትመው ኮምፒውተር ደግሞ ስታክ አድርጓል። ደጅ የቆሙት ፈረንጆች ሻንጣቸውን መኪና ላይ እየጫኑ ነው። እሱ ወረቀቱን ሳይዝ እነሱ ከተነሡ አስጎብኚያቸው ተራራው ላይ፣ ቡይት ራስ ሲደርሱ፣ የሌላ ሰው በቅሎ ይከራያል፤ የአሻግሬ ተራ ይቃጠልና ከሰልፉ ጭራ ይገባል።

«አይዞህ፣ ክረምቱ ሲወጣ ይደርስሃል» አለው ሁለተኛው ባለተራ የኔሰው።

«አፍህን ዝጋ አንተ!»

ማሽኑን ፈትታ የምታየው የከተማዋ የኮምፒውተር ባለሙያ የትናየት ናት። «የሚቆመው መቼ ነው፣ ጋሽ ፍቅረ?»

«ኢንተርኔቱና ፕሪንተሩ ባንድ ላይ ሲሠሩ» አሉ ሊቀ መንበሩ አቶ ፍቅረ ሥላሴ። «ቫይረስ ነው። ከአዲ አርቃይ በመጣ ፍላሽ የገባ።»

የትናየት ስክሪኑን አየች። «ቫይረስ አይደለም። ውስጡ የተሰካ እያንዳንዱ ካርድ ሥራ ሲኖረው ፕሮሰሰሩን፣ የማሽኑን አንጎል፣ የሚጠራበት መስመር አለው፤ ኢንተራፕት ይባላል። የኢንተርኔቱና የፕሪንተሩ ካርድ ባንድ መስመር እየተጣሩ ነው። ይሄ ማሽን ደግሞ ፕሮሰሰሩ ሁለት ነው። ሁለቱም ብድግ ይሉና አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ይቀራሉ።»

«በር ላይ ‹ይቅደሙ›፣ ‹ኧረ በሞቴ እርስዎ ይቅደሙ› እንደሚባባሉ ሽማግሌዎች?» አለ የኔሰው።

«ልክ እንደሱ። ማንም አይገባም።»

«ጨዋ ማሽን ነዋ!» ሊቀ መንበሩ ደስ አላቸው።

«ግን እኔ ስገጥመው የፕሪንተሩን ካርድ ታች ነበር ያስገባሁት፤ የራሱ መስመር ነበረው። ማነው ወደ ላይ ያዛወረው?»

ሊቀ መንበሩ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«እኔ ነኝ። ፋኑ ፊት ለፊት ነበራ ያስቀመጥሽው! በዚህ በደባርቅ ብርድ ላይ ንፋስ ቀንና ሌት ሲገርፈው እያየሁ ዝም ልበል? ከጓደኛው አጠገብ ይሞቀዋል ብዬ አስጠጋሁት።»

«ጋሽ ፍቅረ፣ ፋኑ'ኮ እንዲያቀዘቅዘው ነው የተሠራው!»

«ይኸ የፋብሪካው ስሕተት ነው።»

ደጅ የመኪናው ሞተር ተነሣ። አሻግሬ ዘሎ ቆመ።

«በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ካርዱ ይብረደው! ከታመመ አስታማሚው እኔ ነኝ!»

ሊቀ መንበሩ ተነፈሱ። «እሺ። ኋላ ግን በኔ እንዳታላክኩ።»

የትናየት ማሽኑን አጠፋች፣ ካርዱን ነቅላ ፋኑ ሥር ሰካችው፣ መልሳ አበራች። ሁለቱ ካርዶች አሁን የየራሳቸው መስመር አላቸው። ኢንተርኔቱን ከፍታ፣ ሳትዘጋው፣ «አትም» የሚለውን ነካች። ፕሪንተሩ አጉረመረመ፣ አመነታ፣ ከዚያ ወረቀቱን ላጥ አድርጎ ተፋው።

አሻግሬ አላነበበውም። ቀምቶ በበሩ ወጣ፤ መንቀሳቀስ ከጀመረው መኪና ፊት ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ተገተረ። አስጎብኚው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ አየና አውራ ጣቱን አሳየው። በቅሎዋን ሊያመጣ ሲሮጥ ፉጨቱ ቢሮው ድረስ ተሰማ።

ሊቀ መንበሩ ቀስ ብለው ወደ ማሽኑ ጠጋ አሉ። የኔሰው ወንበሩን ጎትቶ መሐል ገባ።

«ጋሽ ፍቅረ፣ እባክዎ እጅዎን ይሰብስቡ። ከአሁን በኋላ አንደኛው ተራ እኔ ነኝ።»