ኃላፊነቱን የሚወስደው ወንድሜ

ወንድሜ ኃላፊነት መውሰድ ይወዳል። «ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» ሳይል የዋለበት ቀን የለም። ወስዶ የት እንደሚያደርሰው ግን እስከ ዛሬ ያየ ሰው የለም። የተከራየውን ቤት ግድግዳ ሲበሳ ኃላፊነቱን ወሰደ፤ ቀዳዳውን የለሰንኩት እኔ ነኝ። የጓደኛውን ሞተር ሳይክል ተውሶ ሲጋጭ ኃላፊነቱን ወሰደ፤ ጓደኛውን ስትለማመጥ የከረመችው እናታችን ናት።

እኔ የምሠራው ውሃው ዳር፣ ካይት ከሚከራይበት ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የተቀደደ ካይት እሰፋለሁ። ካይት ማለት ሰፊ የጨርቅ ክንፍ ነው፤ ሰውየው በረጃጅም ገመዶች ከወገቡ ጋር ያያይዘውና ጣውላ ላይ ቆሞ ነፋስ ውሃው ላይ ያስጋልበዋል። ደስ ይላል ይላሉ። እኔ የማየው ተቀዶ ሲመጣ ብቻ ስለሆነ ደስታውን አላውቀውም።

ወንድሜን እዚህ «ፓይለቱ» ይሉታል። አንድ ቀን ነፋስ ከውሃው አንስቶ መኪና ማቆሚያው ላይ ስላሳረፈው ያወጡለት ስም ነው። እሱ ግን ሙያውን አድንቀው የሰየሙት ይመስለዋል።

ካይቱን የሚቆጣጠሩበት ዘንግ ላይ አንዲት ቀይ እጀታ አለች። ነገር ሲበላሽ እሷን ገፋ ማድረግ ነው፤ ክንፉ ወዲያው ጉልበቱን ያጣና እንደ ረጠበ ልብስ ውሃው ላይ ይዘረጋል። የሠራት ሰው አስቦ ነው የሠራት። የእኛ ዳርቻ ጀግኖች ግን ቀይዋን መንካት ነውር አድርገውታል። የነካት ሰው ሲወጣ ተሰልፈው ያጨበጭቡለታል፤ ከዚያም እንደ በሽተኛ ግራና ቀኝ ደግፈው ወንበር ላይ ያስቀምጡትና «እግዜር ይማርህ» ይሉታል። ፓይለቱ አንድ ጊዜ ደርሶበታል። ሁለተኛ ከሚደርስበት ሞትን ይመርጣል እያልኩ እቀልድ ነበር።

ሌላም ደንብ አለን፤ ያስነሳ ያሳርፋል። ክንፉን ይዞ ያስነሳልህ ሰው ተመልሰህ እስክትመጣ ከዳር አይንቀሳቀስም። ይህኛው እንኳ ጥሩ ደንብ ነው።

ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሰማዩ አኩርፏል። ውሃ መግባት የሚከለክለው ቀዩ ባንዲራ ተሰቅሏል። በችግር ጊዜ ሰው የሚያወጡት ባለጀልባው ጋሼም ጀልባቸውን ጎትተው አሸዋው ላይ አስረዋል። ፓይለቱ የውሃ ልብሱን ለብሶ የክፍሌ በር ላይ ቆመ።

«እታለም» አለኝ። እታለም የሚለኝ ሲፈልገኝ ብቻ ነው።

«አላስነሳልህም።»

«ገና ምን አልኩሽ?»

«ባንዲራውን እየው። ደመናውንም እየው።»

«እሱ እስኪደርስ እኔ ወጥቻለሁ። እንዲህ ያለ ነፋስ እኮ በስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚገኘው።»

«ሞትም አንዴ ነው የሚገኘው።»

«የራሴ ሕይወት ነው፤ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።»

«ውሰድና ብቻህን አስነሳው» አልኩት።

እዚህ ላይ ትንሽ ችግር አለች። ሕይወቱ የራሱ ነው፤ ካይቱን ግን ሌላ ሰው ካልያዘለት አይነሳም። ውሃ ከወሰደው ጋሼ ጀልባ ካላስነሱ አይወጣም። ከሞተም ራሱን አይቀብርም። ይህን ሁሉ ልነግረው ስል ሄዷል።

ጓደኞቹን ለመነ። እነሱም እንቢ አሉ፤ ሞኝ አይደሉም። ነገር ግን ስልካቸውን አውጥተው ዳር ካለው የቆርቆሮ መጠለያ ሥር ተደረደሩ። ለማስነሳት ያልደፈሩት ሰዎች ለመቅረጽ ጀግኖች ናቸው።

እናታችን የደረሰችው በዚህ መሐል ነው። ጃኬት ይዛለት መጣች። ሠላሳ ዓመት ያለፈውን ሰውዬ ብርድ እንዳይመታው ብላ ነው። ከስፌት መኪናዬ ቀና ስል በመስኮቱ አየኋት፤ ሻሿ እየተውለበለበ፣ ክንፉን እንደሚከተብ ሕፃን ጭምቅ አድርጋ ይዛ አሸዋው ላይ ቆማለች። መቀሴን ጥዬ ሮጥኩ። ስደርስ እሱ አውራ ጣቱን አሳይቷት፣ እሷም ለቃለች።

«እማዬ፣ ምን ነካሽ?»

«ለአፍታ ያዢልኝ አለኝ፣ ያዝኩለት። ምን አለበት?»

«ነይ እንግባ።»

«አልገባም። ያስነሳ ያሳርፋል ብሎኛል።»

ከደንቦቻችን ሁሉ መርጦ የነገራት ይህችን ነው።

እውነት ለመናገር ሲንሳፈፍ ያምርበታል። አንድ ሁለቴ ዘለለ፤ እናቴ አጨበጨበች። ከዚያ ደመናው ደረሰ። ውሃው ጠቆረ፤ ነፋሱ የመጠለያውን ቆርቆሮ ያንቀጠቅጠው ጀመር። ፓይለቱ ከውሃው ተነቅሎ ወደ ላይ ሲወጣና እንደገና ሲፈጠፈጥ አየን። ጣውላው ከእግሩ ወልቆ ሄደ። እዚህ ላይ ቀልዴ አለቀ። ወንድሜ ነው፤ ፈራሁ።

ጋሼ የጀልባቸውን ገመድ እየፈቱ «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ። ይሉታል እንጂ ለመከራው አልተዉትም፤ በዚያ ዕድሜያቸው እስከ ደረታቸው ውሃው ውስጥ ገብተው ጀልባውን ይገፋሉ። ነፋሱ ግን ቀደማቸው። ክንፉ ወንድሜን በሆዱ እየጎተተ ወደ እኛ ወደ ዳር ይዞት መጣ።

«ቀይዋን ግፋት» እያልን ሁላችንም ጮኽን። የሚቀርጹት ሳይቀሩ ጮኹ። እጀታዋ እጁ ሥር ናት፤ አይቷታል። ቀና ብሎ መጠለያው ሥር የተደረደሩትን ስልኮችም አይቷል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

«እማዬ፣ ያዢው» ብሎ ተጣራ።

ነጠላዋን ጨብጬ ነበር፤ ነጠላዋ እጄ ላይ ቀረ። የምትይዘው የቱን እንደሆነ ማን ነግሯት? ክንፉ በአናቷ ላይ ሲያልፍ የቀረባትን ያዘች፤ የቀረባት ገመዱ ነበር። የተወጠረ ገመድ በእጅ አይያዝም። እንደ ምላጭ ነው። ክንፉ የመኪና ማቆሚያው አጥር ላይ ተሰክቶ ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ፤ ወንድሜ አሸዋው ላይ ተንከባሎ ቆመ። እናቴ አልጮኸችም። ቀኝ እጇን በግራ እጇ ይዛ «ወጣ? ልጄ ወጣ?» ትላለች።

ክሊኒክ ውስጥ ወንድሜ ጉልበቱ ላይ ፕላስተር ተለጠፈለት። እናታችንን ይዘዋት ገቡ፤ በጣም ቆዩ። ሐኪሟ ስትወጣ ጓንቷን እያወለቀች አንዷን ጣት ማትረፍ እንዳልተቻለ ነገረችን። ሌባ ጣቷን ነው። መርፌ አያያዝ ያስተማረችኝ በዚያች ጣት ነው። ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ፤ ማንም እንዳያየኝ ብዬም አልደበቅኩም።

ከዚያ እናታችን ወደተኛችበት ክፍል ገባን። ሐኪሟ መዝገብ ላይ ለመጻፍ አደጋው እንዴት እንደደረሰ ጠየቀች።

«ነፋሱ ድንገት…» አለ ወንድሜ።

«ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ ነበር» አልኩ።

እናቴ ከአልጋው ላይ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። «ተዪው፣ ልጁን አታስጨንቂው» አለችኝና ወደ ሐኪሟ ዞረች። «የእኔ ጥፋት ነው፣ የእኔ ልጅ። አያያዙን አላወቅሁበትም።»

ሐኪሟ ወደ ወንድሜ ተመለከተች። እኔም ተመለከትኩት። ያን ሁሉ ዓመት ሲወስድ የኖረውን ሰውዬ፣ አሁን እንኳ ይህችን ብቻ እንዲወስድ በልቤ ለመንኩት። «እኔ ነኝ» ማለት ነው እኮ፤ ሁለት ቃል ናት። ጉሮሮውን ጠረገ። ሊናገር ነው ብዬ እንባዬ እንደገና መጣ።

«እታለም» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ክንፉ ይሰፋል?»

ሐኪሟ ብዕሯን አቆመች።

«ስፊለት እንጂ» አለች እናቴ በእኔ ፋንታ፣ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ደረቷ ላይ አስደግፋ። «ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩሽ እኮ።»

ወንድሜም፣ ልክ ነች እንደማለት፣ ራሱን ነቀነቀ።